ከሪባኑ በፊት ማን ይጠየቅ?

ስሙኝማ! ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ አስፋልት አለ እንበል። የትራፊክ መብራት የሚያስተካክሉ መሐንዲሶች በብዙ አገር ለረጅም ዘመን የሠሩበት ልክ፣ እግረኛ በአንድ ሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል የሚል ነው። 12ን ለ1.2 አካፍሉ፤ 10 ሰከንድ ይመጣል። ለመሻገሪያ የሚሰጠው ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የሚሻገሩትን ሰው እንቀይር። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች እርምጃ ለክቶ ወንዶቹ በአማካይ በሰከንድ 0.9 ሜትር፣ ሴቶቹ ደግሞ 0.8 ሜትር እንደሚሄዱ አገኘ። 0.8ን በ10 አባዙት። ስምንት! የሚሻገሩት እማማ ገና ስምንተኛው ሜትር ላይ ናቸው፤ አራት ሜትር ይቀራቸዋል፤ ጊዜው ግን አልቋል። መኪናው ሞተሩን እያስነሣ ነው።

እኔ እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ዝም አልኩ። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳቡንም አልሳተም። ሲለካ ግን እማማን አላየም። ችግሩ ለማን ቀድሞ ይታይ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ለእሳቸው ለራሳቸው! ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ ጥናት ሳይታተም፣ «ልጄ፣ መብራቱ አያደርሰኝም» ይሉ ነበር፤ ጠያቂ ቢኖር።

እንግዲህ ሰሞኑን ሳነብብ የከረምኩትና ለእናንተ ሳልነግር መተኛት ያቃተኝ ነገር ይህ ነው፤ ለአዛውንት የምትመች ከተማ እንዴት እንደምትታቀድ። ነገሩ እጅግ ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም ነው የሚገርመው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ስለ እርጅና የሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ጉባኤ አደረጉ፤ ሐሳቡ እዚያ ተነሣ። በዓመቱ ቫንኩቨር ላይ ተገናኝተው አረጋውያን እንዴት መጠየቅ እንዳለባቸው ሥርዓት አወጡ። ከዚያ 33 ከተሞች፣ ከሻንጋይ እስከ ኢስታንቡል፣ እስከ ጎረቤታችን ናይሮቢ፣ ወደ 1,485 የሚሆኑ አረጋውያንን በ158 ቡድን አስቀምጠው አነጋገሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም መልሱን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያ አድርጎ አወጣው። መመሪያውን የጻፉት ባለሙያዎች ቢሆኑም ሐሳቡ ከአረጋውያኑ አፍ የወጣ ነው።

ስለ ምን ጠየቋቸው? ስለ ስምንት ነገር፦ ስለ ደጁና ስለ ሕንፃው፣ ስለ መጓጓዣው፣ ስለ መኖሪያ ቤቱ፣ ከሰው ጋር ስለ መገናኘት፣ ስለ መከበር፣ ስለ ሥራና ስለ አካባቢ ጉዳይ፣ ወሬና ማስታወቂያ ስለሚደርስበት መንገድ፣ በመጨረሻም ስለ ጤናና ስለ እርዳታ። በየርዕሱ የሚነሡት ጥያቄዎችም ቢጨመቁ ከሦስት አያልፉም፤ ምን ይመቻችኋል? ምን ያስቸግራችኋል? ምን ቢደረግ ይሻላል? በቃ! ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

መልሱስ? ከብዙ ከተማ ተመሳሳይ ነገር መጣ። በየርቀቱ አረፍ የሚባልበት አግዳሚ ወንበር ይኑር። እግረኛ መንገዱ ጉድጓድ አይኑረው። ሹፌሩ ተሳፋሪው ሳይቀመጥ አይንቀሳቀስ። የማስታወቂያው ፊደል ይተልቅ። መጸዳጃ ቤት ይኑር፣ ንጹሕም ይሁን።

መጸዳጃ ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ነገሩ የበራልኝ እዚያ ነው። አንዲት የ70 ዓመት እናት ከቤታቸው ምን ያህል ርቀው ይሄዳሉ? እኔ «ጉልበታቸው እስከፈቀደ» እል ነበር። አይደለም! መጸዳጃ እስካለበት ድረስ ነው የሚሄዱት። ገበያው አጠገብ መጸዳጃ ከሌለ ገበያ ይቀራል። ገበያ ሲቀር እዚያ የሚያገኟት ባልንጀራ ትቀራለች። ባልንጀራዋ ስትቀር የሰፈሩ ወሬ፣ የታመመው፣ የወለደችው፣ ሁሉም ይቀራል። ሰው «እማማ አርጅተው ቤት ውለው ቀሩ» ይላል፤ ቤት ያዋላቸው ግን አንዲት ያልተሠራች ክፍል ናት። እስቲ አስቡት! ፕላን የሚሠራው ወጣት ይህን ሰንሰለት ከቢሮው ሆኖ በምን ያየዋል? አያየውም። እሳቸው ግን በየቀኑ ይኖሩበታል።

ኒው ዮርክ ለምሳሌ «ወንበር ይኑር» የሚለውን ሰምታ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየመንገዱ አግዳሚ ወንበር መትከል ጀመረች፤ ነዋሪውም «እዚህ ቦታ ይተከልልን» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ወንበሩ ራሱ ተራ ነገር ነው። የት እንደሚተከል ግን የሚያውቀው የደከመው ሰው ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ጂንካ ልውሰዳችሁ። ለምን ጂንካ? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለው ነበር፤ ጂንካም ከነዚህ የመቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ቢሮ ሲበዛ ደረጃ ይበዛል፤ መንገድ ሲሰፋ መሻገሪያው ይረዝማል። ገና እያደገች ያለች ከተማ ስለሆነች ጥያቄው በጊዜው ሊጠየቅባት ይችላል። ደግሞም በዚህ ምድር፣ በደቡብ ኦሞ፣ አዛውንትን አስቀምጦ መጠየቅ የኑሮ ሥርዓት ነው።

ሐመርን ውሰዱ። ነገር ሲመጣ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፤ በቅል የተቀዳ የቡና ገለፈት ይቀርባል፤ ይነጋገራሉ። ሽማግሌው ባርጆን፣ ማለትም በረከትን፣ ይጠራል፤ ዝናቡን፣ የከብቱን ጤንነት፣ ሰላሙን እየጠቀሰ «ይምጣ» ይላል፤ የተቀመጡት በኅብረት ይመልሱለታል። የሚመጣውን ዘመን አንድ በአንድ ጠርቶ ማስቀመጥ፤ የከተማ ፕላንስ ሌላ ምን ይሠራል? የሐመሩ ነገር አዋቂ ባልዳምቤ የሕዝባቸውን ኑሮ፣ ምድሩ እንዴት እንደተሰፈረ ሳይቀር፣ ሲያስረዱ አይቮ ስትሬከር የተባለው ጀርመናዊ የባህል አጥኚ ከባልደረባው ጋር መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። አንድ ሰው ተጠይቆ ሲናገር መጽሐፍ ሙሉ ወጣ! እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አርቦሬ ላይ የአካባቢው ሕዝቦች ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠብ ይብቃ ብለው ጦር ቀበሩ፤ ሥርዓቱን ስትሬከርና ሌላው የባህል አጥኚ አሉላ ፓንክረስት በፊልም አስቀርተውታል። ጦርነት ለማቆም የሚጠሩ ሰዎች መንገድ የት ቢያልፍ እንደሚሻል ለመናገር አይጠሩም? እኔን እጅግ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ የምታልፉበት ኮንሶ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። በድንጋይ ካብ በታጠሩት የኮንሶ ከተሞች ውስጥ ሞራ የሚባል የጋራ አደባባይ አለ። እዚያ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ነገር ይታያል፣ ጨዋታ አለ። በአደባባዩ ያለው የጋራ ቤት ከታች ክፍት ነው፤ ሰው በጥላው ያርፍበታል። ከላይ ባለው ቆጥ ወጣቶች ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም ጠላት ቢመጣ ፈጥነው እንዲደርሱ። ተመልከቱልኝ! ሽማግሌው ቀን የሚውልበትና ጎረምሳው ሌሊት የሚያድርበት ቦታ አንድ ላይ ታስቦ ተሠርቷል። ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ነው ብሎ ነው። እድሜ በከተማ ፕላን ውስጥ ቦታ ነበረው፤ በእኛው አገር፣ ጎረቤት።

ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ እንደገባኝ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። አሁንም አዛውንት ይጠራሉ። መንገዱ ተሠርቶ፣ ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ፣ ድንኳን ተጥሎ ሲያበቃ፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ይመርቃሉ፤ ሪባን ይቆረጣል። እስቲ አስቡ፤ ሰው ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው? ከሰርጉ በፊት ነው! ሙሽራዋ ገብታ፣ ድግሱ ተበልቶ፣ ከዚያ ሽማግሌ የሚልክ ሰው አይታችኋል? ከተማ ላይ ግን የምናደርገው ልክ ይህንኑ ነው። አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ የመጣ ምክር ምንም ቢያምር አስፋልት አያጠፍም። ስለዚህ ምሥጢሩ ሁሉ ጥያቄውን ወደ ፊት ማምጣት ነው፤ መሐንዲሱ ካርታውን ሳይዘረጋ፣ ቢበዛ በእርሳስ እያለ።

እዚህ ደርሼ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን አንድ በር ገና ነበር። ዛፍ ሥር የማይቀመጡት አዛውንቶችስ?

በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ጉልበታቸው ያልደከመ፣ ዓይናቸው የሚያይ፣ አንደበታቸው የተፈታ። የ80 ዓመቷ አሮጊት፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው አባት፣ ከአልጋ የማይወርዱት ሰው የሉም። ከተማዋ ይበልጥ የምትከብደው ለነሱ ነው! የቫንኩቨሩ ሥርዓት ይህን እንዴት እንደፈታው ስሙኝ፤ ዘዴው ያምራል።

መጀመሪያ ሰውን አይደባልቅም። ከ60 እስከ 74 ያሉትን ለብቻ፣ 75 ያለፉትን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ጠና ያለው ታናሽ በደከሙት ፊት ወሬውን እንዳይወስደው። ድሃውንና ሻል ያለውንም ለየብቻ፤ በባጃጅ የሚሄድና በእግሩ የሚሄድ ሰው ችግራቸው ይለያያልና። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ሰው። መውጣት ለማይችሉት ደግሞ የሚያስታምሟቸው ሰዎች መጥተው ይናገሩላቸዋል። ባለሥልጣኑና አገልግሎት ሰጪው? እነሱም ይጠየቃሉ፤ ግን በሌላ ክፍል። አለቃ ባለበት «ሁሉም ጥሩ ነው» ይባላላ!

ይህ ጂንካ ላይ ቢሞከር እያልኩ ሳስብ የመጣልኝን ልንገራችሁ። ብዙ አዛውንቶች የልደት ወረቀት የላቸውም፤ ታዲያ 74ና 75 በምን ይለያል? በታሪክ! በ2018 ዓ.ም. 60 የሞላው ሰው በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ 75 የሞላው ደግሞ 23 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ «አብዮቱ ሲፈነዳ ጥጃ ትጠብቅ ነበር ወይስ ለትዳር ደርሰህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥጃ ጠባቂው በዚህ በኩል፣ ለትዳር የደረሰው በዚያ በኩል ይቀመጣል። ፍጹም ትክክል አይሆንም፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ቋንቋው ሌላ ነው። ጂንካ ላይ ቅዳሜ ገበያ ሲቆም አሪው፣ በናው፣ ሐመሩ፣ ማሌው፣ ሙርሲው በአንድ ሜዳ ይገናኛል። በሕይወታቸው ሙሉ በአሪኛ የተናገሩ እናት በአማርኛ ሲጠየቁ «ደኅና ነው» ብለው ይገላገላሉ። በአሪኛ ሲጠየቁ ግን ቦዩን፣ ድልድዩን፣ ጭቃውን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ጽሕፈቱን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሊይዙት ይችላሉ፤ ከየብሔረሰቡ የመጡ ልጆች አሉና። ከአልጋ የማይወርደውን ሰው ማን ያውቀዋል? እድር! ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ፣ ማንን ማን እንደሚያስታምም የሚያውቅ ከእድር ዳኛ የተሻለ መዝገብ የለም።

ከዚያ አብሮ መውጣት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነገረና እየሄዱ የሚታይ አንድ አይደለም። አንዲት እናትን ከቤታቸው እስከ ገበያው መከተል፤ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ማድረግ። እዚህ አረፉ፤ ጥላ አለ? እዚህ ቦዩን ለመሻገር የሰው እጅ ያዙ፤ ድልድይ አለ? እዚህ ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ወደ ግድግዳ ተጠጉ፤ የእግረኛ መንገድ አለ? መንገዱ ሲያልቅ ካርታው በእጃችሁ ነው! ወንበሩ፣ ጥላው፣ ድልድዩ የሚያስፈልግበት ቦታ ራሱ ተነጥቦ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳስብ ልቤ ይመታል፤ የአንዲት እናት የገበያ ጉዞ የፕላን ግማሽ ነው።

ሌላም አለ፤ አዛውንት የሚያውቁት ስለ እግራቸው ብቻ አይደለም። ጂንካ መሀሏ ላይ ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ሜዳ ነበራት፤ አውሮፕላን በማይኖርበት ጊዜ ከብት የሚግጥበት፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት። ከተማዋ በዙሪያው አደገች። እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ በአንድ ከተማ መሀል ሲገኝ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ ሜዳውን ሙሉ እድሜያቸውን ያዩት ሰዎች ደግሞ ውሃ ሲበዛ በየት እንደሚወርድ፣ ሰው አቋርጦ የሚሄድበት የእግር መንገድ የት እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ሰው እንደሚያርፍ ያውቃሉ። የአርባ ዓመት ጎርፍ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ነጻ ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው!

«ይህ ሁሉ መልካም ፈቃድ ይጠይቃል» ትሉኝ ይሆናል። ሕጉ ግን አብሮን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎታል። በዓመቱ የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። ደረጃ መውጣት የማይችል ማለት እኮ ጉልበቱን የሚያመው አባት ማለትም ነው። እኔ ይህን ሳነብብ ደስ አለኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ ችሮታ እንዳልተደረገላቸው ማወቅ ንግግራቸውን ያቀናዋል ብዬ አምናለሁ። የለመነና መብቱን የተናገረ ሰው አፉ አንድ አይደለም።

ከተጠየቀ በኋላስ? አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ተመልሶ መንገር። በእርሳስ የተሣለው ካርታ ወደዚያው ቡድን፣ ወደዚያው ዛፍ ሥር ይመለሳል። «ያላችሁት ይኸው፤ ይህን አካተትን፤ ይህን በገንዘብ ምክንያት አልቻልንም፤ ከሁለቱ የቱ ይቅደም?» ይባላል። ወንበር ወይስ መጸዳጃ? ድልድይ ወይስ ጥላ? ምርጫ የሚሰጣቸው ሰዎች እንዴት እንደሚከራከሩ ገምቱ! ገንዘብ ማነሱን ከማንም ቀድመው ይረዳሉ፤ እድሜ ልካቸውን ጥቂት ገንዘብ ሲያብቃቁ የኖሩ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የከተሞች ማኅበር ሲጀመር ለዚህ ሁሉ የአምስት ዓመት ዑደት አስቀምጦ ነበር፦ ሁለቱን ዓመት መጠየቅና ማቀድ፣ ሦስቱን መሥራት፣ ከዚያ ምን እንደተለወጠ መለካትና እንደገና መጠየቅ። እንደገና ሲጠየቅ ሰዎቹም ይቀያየራሉ። ጂንካ በ2018 ዓ.ም. ብትጀምር ሁለተኛው ዙር 2023 ላይ ይወድቃል፤ ዛሬ 55 ዓመት የሆነው ሰው ያኔ 60 ይሞላና ቡድኑ ውስጥ ይቀመጣል። የጥጃው ጥያቄ ግን አይሠራለትም፤ በ1966 የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፣ ምንም አያስታውስም። ስለዚህ ጠያቂዎቹ መለያውን ወደ 1983 ማምጣት አለባቸው። ደርግ ሲወድቅ እሱ 20 ዓመቱ ነበር፤ በ2023 75 የሚሞላው ሰው ደግሞ 35። «ደርግ ሲወድቅ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርህ ወይስ ሠላሳን ከተሻገርክ ቆይተህ ነበር?» ብሎ መጀመር ነው።